በብርሃን የአንጎል ሴሎችን መቆጣጠርና የትራይጀሚናል ህመም፦ የአይጠመጎጥ ሙከራ ዕቅድ፣ ከቋጠሮው እስከ ልኬቱ

ላምዳ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የፊት ነርቭ ህመምን በኦፕቶጄኔቲክስ (ሴሎችን በብርሃን በመቆጣጠር) ለማጥናት የተዘጋጀ ዕቅድ ከዚህ በታች አለ። የእንስሳት እንክብካቤ ኮሚቴው ፈቅዶታል፤ ቀዶ ጥገናው ግን ገና አልተጀመረም። የት ላይ እንደሚሰናከል አሁኑኑ ብትነግሩኝ ይሻላል።

እንስሳቱ ወንድ ስፕራግ-ዶውሊ አይጠመጎጦች ናቸው፤ ክብደታቸው ከ250 እስከ 300 ግራም። በአንድ ወገን ኢንፍራኦርቢታል ነርቩ (ከጢሙና ከላይኛው ከንፈር ስሜት የሚያመጣው) በሁለት ቋጠሮ ይታሰራል። በዚያው ሰመመን ቻናልሮዶፕሲን-2ን (በሰማያዊ ብርሃን ሴልን የሚያነቃ ፕሮቲን) የተሸከመ ኤኤቪ ቫይረስ (ጂን ወደ ሴል የሚያደርስ)፣ በካም-ኪናዝ ፕሮሞተር (ጂኑ በየትኛው ሴል እንደሚሠራ የሚወስን)፣ ወደ ፒኤጂ (በመካከለኛው አንጎል ያለ፣ ህመምን የሚቆጣጠር አካባቢ) ታችኛው የጎን ክፍል ይወጋል፤ ብርሃኑን የሚያደርሰው ፋይበርም ይተከላል። ኢላማው ከብሬግማ (በራስ ቅል ፊተኛ መጋጠሚያ ላይ ካለው የመለኪያ ነጥብ) ወደ ኋላ 7.8፣ ወደ ጎን 0.7፣ ወደ ታች 5.9 ሚ.ሜ. ነው። በ7ኛው ቀን በቮን ፍሬይ ክር (ቆዳን በታወቀ ኃይል በሚነካ ቀጭን ክር) የህመም ምላሹ ይለካል፤ ከዚያ 473 ናኖሜትር ሌዘር፣ 20 ኸርዝ፣ የ10 ሚሊሰከንድ ምት፣ 10 ሚሊዋት።

ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። 7ኛው ቀን ይበቃል ወይ? 10 ሚሊዋት ይበዛል ወይ? ህመሙ መቀነሱን በክሩ ብቻ ማሳየት ይቻላል ወይ?

ሦስት_ቅርንጫፍ፦
ላምዳ፣ መጀመሪያ ስሙን እናጥራ፤ በአማርኛ ስንጽፍ ሁሌም የሚያሳስት ነገር ነውና። «የፊት ነርቭ» ስንል አንባቢ ሰባተኛውን የአንጎል ነርቭ ሊረዳ ይችላል። እሱ የፊት ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው ነው፤ ሲጎዳ ፊት ይጣመማል። አንተ የምታስረው የአምስተኛው፣ ማለትም የትራይጀሚናል፣ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ቀጣይ የሆነውን ነው። ስሜት ተቀባይ ነው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም፤ በቀዶ ጥገናው ወቅት የሰባተኛው ቅርንጫፎች ከተነኩ ጢሙ መንቀሳቀስ ያቆማል፣ ያኔ የፊት ገጽታን አይቶ ህመም መገመት አይቻልም።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፦ 7ኛው ቀን አይበቃም። አይበቃም ብቻ ሳይሆን ተቃራኒ ውጤት ይሰጥሃል። ቮስ፣ ስትራስማንና ማሲየዊች ይህንን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1994 ሲያቀርቡ ያሳዩት ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ እንስሳው በታሰረው ወገን ሲነካ ምላሹ ይቀንሳል፤ ሳይነካ ግን በዚያ ወገን ፊቱን በመዳፉ ደጋግሞ ይጠርጋል። ከ12ኛው እስከ 15ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነገሩ በድንገት ይገለበጣል፤ ቀላል ንክኪ እንኳ ያስደነብረዋል፣ ይህም ለሳምንታት ይቆያል። በ7ኛው ቀን የሚለካ ሰው «ቋጠሮው አልሠራም» ብሎ ጤናማ ሞዴል ይጥላል፤ ይባስ ብሎ ደግሞ «ብርሃኑ ህመሙን አጠፋው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ቅደም ተከተሉንም ለውጠው። ቫይረሱ የተሸከመው ፕሮቲን በሴሎቹ ውስጥ በሚገባ እስኪገለጥ (እስኪመረት) ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ቫይረሱንና ፋይበሩን በቀን 0፣ ቋጠሮውን በ14ኛው ቀን፣ ልኬቱን ከ28ኛው ቀን ጀምሮ ብታደርገው ሁለቱ ሰዓቶች አንድ ላይ ይደርሱልሃል። እንስሳውም በአንድ ቀን ሁለት ከባድ ቀዶ ጥገና አይሸከምም።

ካትገት፦
ስለ ቋጠሮው። የማሰሪያ ክሩ 5-0 ውፍረት ያለው ክሮሚክ ካትገት (ከእንስሳ አንጀት የሚሠራ የቀዶ ጥገና ክር) ይሁን፤ በቋጠሮዎቹ መካከል 2 ሚ.ሜ. ገደማ ይተው። ትልቁ ስህተት ማጥበቅ ነው። መለኪያው በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነው፦ ነርቩ በጥቂቱ ቀጠን ሲል፣ በላዩ ላይ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ግን ዘገም ብለው መፍሰሳቸውን ሳያቆሙ። ክሩ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ስለዚህ በእጅህ ሳለ «ልክ ነው» ያልከው ቋጠሮ በማግስቱ የጠበቀ ነው። ትንሽ የላላ መስሎህ ተወው። የጠበቀ ከሆነ ነርቩ ይሞታል፤ በ15ኛው ቀን የሚገለበጥ ነገር አይኖርም፣ ቆዳው እንደደነዘዘ ይቀራል።

በመጀመሪያው አሠራር መግቢያው ከራስ ቅል በኩል ነው፤ በመሃል መስመር ቆዳው ተሰንጥቆ፣ የዓይን ጉድጓዱ ይዘት በጥጥ ቀስ ተብሎ ተገፍቶ፣ ነርቩ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ይገኛል። ሦስት_ቅርንጫፍ እንዳለችው ፋይበሩ ቀድሞ ከተተከለ ግን ፋይበሩን በቅሉ ላይ የሚያጣብቀው የሲሚንቶ ኮፍያ ቦታውን ይይዝብሃል። ያኔ በአፍ ውስጥ ግባ፦ ከመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ፊት ለፊት፣ በድድና በጉንጭ መጋጠሚያ ላይ 1 ሴ.ሜ. ያህል ሰንጥቅ፤ ከነርቩ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህሉን ከዙሪያው አላቅቅ። ለማላቀቅ የመስታወት ዘንግ ወይም ደነዝ የታጠፈ መቆንጠጫ ተጠቀም እንጂ በስለት አትንካው። በዓይን ጉድጓድ ከገባህ ደም መላሹ ከረጢት በቀላሉ ይደማል፤ ሲደማ ለሁለት ደቂቃ በጥጥ መጫን ነው፣ በመቆንጠጫ ማሳደድ አይደለም።

የይስሙላ ቀዶ ጥገናው ቡድን ነርቩ ተላቆ ሳይታሰር የሚዘጋ ይሁን። ቆዳ ሰንጥቆ መዝጋት ብቻ በቂ ማነጻጸሪያ አይሆንም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለስላሳ ምግብ በሳህን ወለሉ ላይ አስቀምጥ፤ አፉ የታመመ እንስሳ ከላይ የተንጠለጠለ ጠንካራ እንክብል አይበላም። በየቀኑ መዝን። ከመነሻው 20% ከቀነሰ በፈቃድህ ላይ በተጻፈው መሠረት ከጥናቱ ይወጣል። ለመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት የህመም ማስታገሻ መስጠትን አትፍራ፤ የምትለካው ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚመጣውን ነው።

ሚሊዋት፦
የብርሃኑን ሒሳብ እኔ ልያዝ። 200 ማይክሮሜትር ፋይበር ጫፉ 0.0314 ካሬ ሚ.ሜ. ስፋት አለው። 10 ሚሊዋት በዚያ ሲካፈል በጫፉ ላይ 318 ሚሊዋት በካሬ ሚ.ሜ. ይሆናል። ቻናልሮዶፕሲን-2ን ለማስነሳት የሚያስፈልገው 1 ገደማ ነው። ብዙ ይመስላል፤ ግን የአንጎል ሥጋ ብርሃኑን ይበትነዋል። የፋይበሩ ኤንኤ (ብርሃን የሚገባበትና የሚወጣበት ማዕዘን ስፋት መለኪያ) 0.37 ከሆነ፣ በአይጠመጎጥ አንጎል ውስጥ 0.5 ሚ.ሜ. ዝቅ ሲል 2.8% ገደማ ይቀራል፣ ማለትም ወደ 9። 1 ሚ.ሜ. ላይ 0.6% ብቻ፣ ወደ 2። ስለዚህ 10 ሚሊዋት ከጫፉ በታች ከ1 ሚ.ሜ. ትንሽ ያለፈ ቦታ ያስነሳል። ለፒኤጂ ይህ በዛ ይላል፤ የጎኑ ክፍል ከታችኛው የጎን ክፍል አጠገብ ነውና ብርሃኑ ያልታሰበውን የፒኤጂ ክፍል ይነካል። በ3 እና በ5 ሚሊዋት ጀምርና ውጤቱ እንዴት እንደሚለወጥ እይ።

አሁን በየቦታው የሚደጋገመው ስህተት። የኃይል መለኪያው የሚያሳየው አማካዩን ነው። በ20 ኸርዝ የ10 ሚሊሰከንድ ምት ብርሃኑ ከጊዜው 20% ብቻ ይበራል። ሌዘሩ ምት እየሰጠ መለኪያው ላይ 10 እስኪያነብ ከፍ ካደረግኸው፣ በእያንዳንዱ ምት የምትሰጠው 50 ሚሊዋት ነው። ሁልጊዜ ሳያቋርጥ እየበራ ለካ፤ ከዚያ ወደ ምት ቀይር።

ፋይበሩን ከመትከልህ በፊት አንድ በአንድ ለካ። ከፓች ኮርዱ (ሌዘሩን ከተከላው ጋር ከሚያገናኘው ገመድ) የሚወጣው 10 ከሆነ፣ ከተከላው ጫፍ ቢያንስ 8 ይውጣ። ከዚያ በታች የሆነውን እንደገና አለስልሰው ወይም ጣለው። የእያንዳንዱን ቁጥር ከእንስሳው መለያ ጋር ጻፍ፤ በሙከራው ቀን ሌዘሩን የምታስተካክለው በዚያ ነው። ሙከራው ሲያልቅ ፋይበሩን አውጥተህ ደግመህ ለካ። ከፓች ኮርዱ ወደ ተከላው ስትሄድ ዲያሜትሩም ኤንኤውም እኩል ወይም ሰፋ ያለ ይሁን። ወደ ጠባብ ከሄደ ብርሃኑ መጋጠሚያው ላይ ይፈሳል።

ያ የሚፈሰው ብርሃን ደግሞ በዚህ ጥናት ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይጎዳል። የምትነካው ፊቱን ነው፤ መጋጠሚያው ከዓይኑ በላይ ሁለት ጣት እንኳ አይርቅም። ሰማያዊ ብልጭታ ሲያይ ራሱን ያዞራል፣ አንተም «ከክሩ ሸሸ» ብለህ ትመዘግባለህ። ሲሚንቶውን ከካርቦን ዱቄት ጋር አጥቁረው፤ የመጋጠሚያ ቱቦውንም በጥቁር ሽፋን ልበሰው። ከሣጥኑ በላይም ሁልጊዜ የሚበራ ሰማያዊ መብራት ይኑር፤ ያኔ ብልጭታው ምልክት አይሆንለትም።

ላምዳ፦
እናመሰግናለን፤ የምቱን ሒሳብ በትክክል ተሳስተነው ነበር። ቁጥሮቹ ላይስ? 7.8፣ 0.7፣ 5.9 ቀጥታ ብንወርድ?

ጥቁር_ሲሚንቶ፦
ቀጥታ አትውረድ። እዚያ ቦታ መሃል መስመሩ ላይ ትልቁ ደም መላሽ አለ፤ በቅሉ ላይ ላምዳ ወደሚባለው የኋላ መጋጠሚያ ነጥብም ቅርብ ስለሆነ ተሻጋሪው ደም መላሽ ይጠብቅሃል። 0.7 ላይ የሚሰረሰር ቀዳዳ ጠርዙን ይነካዋል። ክንዱን በ10 ዲግሪ ወደ ጎን አዘንብል። መግቢያው 0.7 ሲደመር 5.9 ሲባዛ በ0.176 ይሆናል፤ 1.74 ሚ.ሜ. ማለት ነው። በዘንበላው መንገድ የምትወርደው 5.9 ለ0.985 ሲካፈል ነው፤ ወደ 5.99። ሁለቱም የሚሠሩት ጥልቀቱን ከብሬግማ ከፍታ ስትቆጥር ነው። አንዱን ከአጥንት፣ ሌላውን ከአንጎል ወለል መቁጠር ግማሽ ሚሊሜትር እና ከዚያ በላይ ያሳስታል።

ቁጥሮቹን እንደ መነሻ ብቻ ያዛቸው። እንስሳው ሲከብድ ቅሉ ያድጋል፤ በሁለት እንስሳ ላይ ቀለም ወግተህ፣ ቆርጠህ፣ አይተህ አስተካክል። ከመሰርሰርህ በፊት ብሬግማና ላምዳ በከፍታ ከ0.05 ሚ.ሜ. በላይ አይለያዩ። ከመሃል መስመር በግራና በቀኝ 2 ሚ.ሜ. ላይም እንዲሁ ለካ፤ የጎን ዝንባሌን ብዙ ሰው ይረሳል፣ ለ6 ሚ.ሜ. ጥልቀት ግን ዋጋ ያስከፍላል። የጆሮ ዘንጎቹ እኩል ካልገቡ ሁሉም ነገር ይጣመማል።

ቫይረሱ በሚሊሊትር ከ1 እስከ 5 ትሪሊዮን ቅንጣት፣ 300 ናኖሊትር፣ በደቂቃ 50። ሲያልቅ መርፌውን 10 ደቂቃ ተወው፤ ከዚያ 0.1 ሚ.ሜ. ከፍ አድርገህ ሁለት ደቂቃ ጠብቅና ቀስ ብለህ አውጣ። ቶሎ ካወጣኸው ቫይረሱ በመርፌው መንገድ ወደ ላይ ይከተልሃል፤ በኋላ ስትቆርጥ ከፒኤጂ በላይ ያለው ኮሊኩለስ የተባለ የአንጎል ክፍል አረንጓዴ ሆኖ ታገኘዋለህ። ቫይረሱን በ5 ማይክሮሊትር ከፋፍለህ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጥ፤ የቀለጠውን መልሰህ አታቀዝቅዝ። የፋይበሩ ጫፍ ከተወጋው ነጥብ 0.2 እስከ 0.3 ሚ.ሜ. ከፍ ይበል። ቅሉን በ3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አጽዳ፣ በደንብ አድርቅ፣ ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ብሎን እሰር፣ ከዚያ ሲሚንቶ። በአራተኛው ሳምንት የሚወልቅ ኮፍያ ሁሉ መነሻው እርጥብ አጥንት ነው።

ሦስት_ቅርንጫፍ፦
ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። «ህመሙ መቀነሱን በክሩ ብቻ ማሳየት ይቻላል ወይ?» አይቻልም፤ በተለይ በፒኤጂ።

በዚህ የፒኤጂ ክፍል ያሉ ግሉታሜት (ሌሎች ሴሎችን የሚያነቃ ኬሚካል) የሚለቁ ሴሎች ሲነቁ እንስሳው ባለበት ደርቆ ይቆማል። አደጋ ሲመጣ የሚሠራው ሥራ ነው። የቶቮቴ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 በአይጥ ላይ መንገዱን ዘርዝሮ አሳይቶታል። አሁን አስበው፦ ሌዘሩ በራ፣ እንስሳው ደረቀ፣ ክሩ ጢሙን ነካው፣ ራሱን አላንቀሳቀሰም። ወረቀቱ ላይ «ምላሽ የለም» ይጻፋል። ህመሙ ጠፍቶ ይሁን መንቀሳቀስ አቅቶት ይሁን ክሩ አይነግርህም። የታመመ ሆኖ መሸሽ ያልቻለ እንስሳን «ዳነ» ብሎ መጻፍ ለሳይንሱም ለእንስሳውም በደል ነው።

ለሳመኒኒና ባልደረቦቹ የእ.ኤ.አ. 2017 ሥራ ትኩረት ስጥ፤ እዚያው ቦታ ግሉታሜታዊ ሴሎችን ማንቃት የህመም ምላሽ ሲቀንስ፣ ጋባ (ሌሎች ሴሎችን የሚያፍን ኬሚካል) የሚለቁትን ማንቃት ያባብሰዋል። ካም-ኪናዝ ፕሮሞተር በመካከለኛው አንጎል ሁለቱን በንጽህና አይለይም። ስለዚህ የተገለጠው በየትኛው ሴል እንደሆነ በማቅለም ማሳየት ግድ ነው፤ ወይም ክሪ (ጂኑ በተመረጠ የሴል ዓይነት ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ኢንዛይም) ያለው የእንስሳ ዘር ተጠቀም።

ለመለየት የሚረዱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ያው ብርሃን በሜዳ ሣጥን (እንስሳው እንደ ልቡ በሚዘዋወርበት ክፍት ሣጥን) ውስጥ፣ ሳይነካ፦ የሚሄደው ርቀትና ደርቆ የሚቆምበት ጊዜ በቪዲዮ ይቆጠር። በ3 ሚሊዋት የማይደርቅና በክሩ የሚሻለው ከሆነ ያ ነው የምትፈልገው መጠን። ሁለተኛ፣ ክሩን ብርሃኑ በበራበት ብቻ ሳይሆን ከጠፋ ከ1፣ ከ5 እና ከ15 ደቂቃ በኋላም ለካ፤ መድረቁ ከብርሃኑ ጋር ይጠፋል፣ የህመም መቀነሱ ግን ሊቆይ ይችላል። ሦስተኛ፣ የቦታ ምርጫ። በሁለት ክፍል ሣጥን፣ በአንዱ ብርሃን፣ በሌላው ያለ ብርሃን፤ በፈተናው ቀን ብርሃን የለም። ነርቩ የታሰረው እንስሳ ብርሃን የነበረበትን ከመረጠ፣ የይስሙላው ደግሞ ካልመረጠ፣ እፎይታ ሰጥቶታል ማለት ነው። ሁለቱም ከሸሹት ብርሃኑ ራሱ ፍርሃት ነው።

ካትገት፦
የቮስን ነጥብ አሰጣጥ ብትይዝ ደግሞ መድረቁ ራሱ ይታይሃል። 0 ምላሽ የለም። 1 ወደ ክሩ ዞሮ ይመረምራል። 2 ራሱን ቀስ ብሎ ወይም በፍጥነት ይሰበስባል፣ አንዳንዴም አንድ ጊዜ ፊቱን ይጠርጋል። 3 ይሸሻል፣ ግድግዳ ላይ ይሸጎጣል ወይም ክሩን ይነክሳል። 4 በተነካው ወገን ሳያቋርጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ፊቱን ይጠርጋል። ጤናማ እንስሳ በደካማ ክር ብዙ ጊዜ 1 ያገኛል። ብርሃኑ ህመሙን ብቻ ከቀነሰ ከ3 እና ከ4 ወደ 1 መመለስ አለበት፤ ሁሉም 0 ከሆነ ግን ሦስት_ቅርንጫፍ የምትለው ነው የደረሰው።

ክሩ ጢሙ የበቀለበትን ሥጋ መሃል ይንካ፤ ከኋላ በኩል፣ ዓይኑ ከማያይበት። እጅህን ካየ የምትለካው ፍርሃቱን ነው። ከ5 እስከ 7 ቀን ከሣጥኑ፣ ከገመዱና ከሚለካው ሰው ጋር አለማምደው። የሚለካው ሰው ቡድኑን አይወቅ፤ ሌዘሩን ሌላ ሰው ያብራ።

ፎቶን፦
በአንድ ነገር አልስማማም። ሁሉም ሰው ፒኤጂን ማንቃት ላይ ሲያተኩር የማፈን መንገዱ ይረሳል። ከፊት የሚመጣው የህመም መልእክት ከትራይጀሚናል ጋንግሊዮን (የነርቩ ሴሎች ክምችት) ወደ ፓራብራኪያል ኒውክሊየስ (በአንጎል ግንድ ያለ የህመም መቀበያ) በቀጥታ የሚደርስበት መንገድ አለው፤ የፋን ዋንግ ቡድን በዱክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 አሳይቶታል። ከእግር የሚመጣው ህመም ይህ ቀጥታ መንገድ የለውም። ለፊት ህመም ልዩ የሆነውን ማጥናት ከፈለግን ያንን መንገድ ማፈን የበለጠ ይናገራል፤ እንስሳውም አይደርቅም።

ሚሊዋት፦
ፎቶን፣ ሐሳቡ መልካም ነው፤ መሣሪያው ላይ ግን ጥንቃቄ። የአክሰን (የነርቭ ሴል ረዥም ተቀጥላ) ጫፍን በአርኬሮዶፕሲን (በብርሃን ሴልን የሚያፍን ፕሮቲን) ለደቂቃዎች ማብራት በጫፉ ውስጥ ያለውን አሲድነት ይለውጣል፤ የመልእክት ኬሚካሎችን ድንገተኛ ልቀት እንደሚጨምርም እ.ኤ.አ. በ2016 ታይቷል። ልታፍን ብለህ ታነቃለህ። ሌላው አፋኝ ፕሮቲን ሃሎሮዶፕሲን ደግሞ ክሎራይድ ያጠራቅማል፤ ብርሃኑ ሲጠፋ ሴሉ ከልክ በላይ ሊነቃ ይችላል። ረዥም ማፈን ከፈለጋችሁ አጫጭር ጊዜ፣ ብርሃኑንም በአንድ ጊዜ ከመቁረጥ ቀስ አድርጎ ማውረድ። ማፈን ሳያቋርጥ የሚበራ ብርሃን ስለሚፈልግም ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሙቀት ብቻውን ሴሎቹ ምልክት የሚልኩበትን መጠን ይለውጣል። ስለዚህ ኦፕሲን (ለብርሃን ምላሽ የሚሰጠው ፕሮቲን) የሌለው፣ ኢዋይኤፍፒ (የሚያበራ ምልክት ብቻ የሆነ ፕሮቲን) ብቻ የተገለጠበት ቡድን በዚያው ብርሃን መኖሩ ቅንጦት አይደለም። ለላምዳም ያው ነው።

ላምዳ፦
ዕቅዱ ተቀይሯል። ቫይረስና ፋይበር በቀን 0፣ በ10 ዲግሪ ዘንበል፤ ቋጠሮ በአፍ በኩል በ14ኛው ቀን፤ ልኬት ከ28ኛው። አራት ቡድን፦ የታሰረና የይስሙላ፣ እያንዳንዱ ከኦፕሲን ጋርና በኢዋይኤፍፒ ብቻ። ሜዳ ሣጥኑ ከክሩ ይቀድማል፤ መጠኑ የሚመረጠው በእሱ ነው። የቀሩኝ ሁለት፦ በታላመስ ቪፒኤም (የፊት ስሜት በሚያልፍበት የአንጎል ክፍል) ላይ ሴሎችን በኤሌክትሮድ መቅዳት ይጠቅማል ወይ? ወንድ ብቻ መሆኑስ?

ጥቁር_ሲሚንቶ፦
ቀረጻው ይጠቅማል፤ ፊቱ ሲነካ ቪፒኤም የሚሰጠው ምላሽ በብርሃኑ ከቀነሰ፣ መድረቅ ብቻ ነው የሚለውን ክርክር ያዳክማል፤ በሰመመንም ሊሠራ ይችላልና። የታሰረው ወገን ተቃራኒ ላይ ቅዳ። ብርሃን የብረት ኤሌክትሮድ ላይ ሲያርፍ ግን የሐሰት ምልክት ይሰጣል፤ ከእያንዳንዱ ምት ጋር ፍጹም እኩል የሚነሳና የሚወድቅ ሞገድ ካየህ ተጠራጠር። ኤሌክትሮዱንና ፋይበሩን በጨው ውሃ ውስጥ አስቀምጠህ አብራ፤ እዚያም ከታየ ሴል አይደለም።

ሴት እንስሳትን ጨምር። በሰው ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ከወንድ ይልቅ በሴት ይበዛል፤ ጥናቱ ግን አብዛኛው በወንድ አይጠመጎጥ ነው። ጽሑፉ ላይም «ኒውራልጂያ» ከማለት «የትራይጀሚናል ነርቭ ጉዳት ህመም» ብትል ትክክል ነው፤ የበሽተኞቹ እንደ ኤሌክትሪክ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነው፣ የታሰረው ነርቭ ግን ለሳምንታት የሚዘልቅ ንቃት ነው የሚሰጥህ። አንድ ጥቂት እንስሳት ያሉበት የካርባማዜፒን ማነጻጸሪያ አስገባ። ለበሽተኞቹ ቀድሞ የሚታዘዘው እሱ ነው፤ መድኃኒቱ የሚያሻሽለውን ልኬትህ መያዝ ካልቻለ፣ ብርሃኑ አላሻሻለም ብለህ ለመጻፍ መሠረት የለህም።

በመጨረሻው ቀን በፈተና ሣጥኑ ውስጥ ብርሃኑን ስጥ፣ 90 ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ በሰመመን በ4% ፓራፎርማልዲሃይድ አጥበህ በ40 ማይክሮሜትር ቁረጥ፤ ሲ-ፎስ (በቅርቡ የነቁ ሴሎችን የሚያሳይ ፕሮቲን) አቅልም። የፋይበሩ ጫፍ ከታችኛው የጎን ክፍል ውጭ የሆነ እንስሳ ይወጣል። ይህንን ደንብ የክሩን ቁጥር ከማየትህ በፊት ጽፈህ ፈርምበት፤ ቁራጮቹንም የሚያየው ሰው የክሩን ውጤት ያላየ ይሁን።

ላምዳ፦
ደንቡን ዛሬውኑ እንጽፋለን። የቀለም ሙከራው በሁለት እንስሳ ይቀድማል፤ የቁራጮቹን ምስልና የእያንዳንዱን ፋይበር የኃይል ሠንጠረዥ እዚሁ ውይይት ላይ እለጥፋለሁ።